በሳሙና ያጠብኳት ማግኔት

ወገን፣ ዛሬ የሆንኩትን ስትሰሙ አትሳቁ ብዬ አልለምናችሁም። ሰሚናር ሙሉ ሰው ስቆብኝ ነው የመጣሁት!

ለማታውቁኝ፦ አምቦ ውስጥ የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሥራዬ ከብር በዓይን የማይታይ ቅንጣት መሥራት ነው፤ ናኖ ይባላል። ሰማያዊ ቀለም የገባበት ውኃ ላይ ማጥፊያ ዱቄት ብቻውን ሲጨመር ቀለሙ ለመጥፋት ይንቀረፈፋል። የኔ ብር ስትገባበት ግን ወዲያው ኩልል ይላል። ካታሊስት ማለት እሷ ናት፣ ነገር አፋጣኝ።

በቀደም ታዲያ ለማነጻጸሪያ ብዬ ብር ሳላስገባ ሞከርኩ። ሰማያዊ ሆኖ መቆየት ነበረበት።

ኩልል አለ!

ጤነኛ ሰው «የሆነ ነገር አበላሽቻለሁ» ይላል አይደል? እኔ ግን ያን ቀን የተጣራ ውኃ አልቆብኝ የቧንቧ ውኃ ተጠቅሜ ነበር። እናም ደመደምኩ፦ የአምቦ ውኃ ራሱ ካታሊስት ነው! (የጠርሙሱ አይደለም፣ የቧንቧው።)

ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው። ስላይድ ሠራሁ። ይባስ ብዬ ጌዶ ለሚኖሩት ለእናቴ ወንድም ለኦቦ ለታ ደወልኩ። ኤሱማ ነው የምላቸው። ከብት ነጋዴ ናቸው፤ ለሳቸው ተነገረ ማለት ለገበያው ሁሉ ተነገረ ማለት ነው። ዛሬ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጥተው ፊተኛው ወንበር ላይ ተሰየሙ። ሰሚናሩን ካለፍኩ ዘንድሮ እመረቃለሁ፤ እዚህ ያደረሱኝ ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ጨርሼ ጭብጨባ ስጠብቅ አማካሪዬ እጃቸውን አወጡ።

«ያማሰልሽባት ማግኔት አዲስ ናት?»

ማግኔት የምንላት ብርጭቆው ውስጥ እየተሽከረከረች የምታማስል፣ እንክብል የምትመስል ነጭ ነገር ናት። የላብራቶሪ ማማሰያ በሏት።

«አይ ዶክተር፣ ለብሩም የምጠቀምባት ናት። ግን አጥቤያታለሁ። በሳሙና።»

ፈገግ አሉ። ፈገግታው አላማረኝም።

ሁላችንንም ላብ ይዘውን ሄዱ። ያው የቧንቧ ውኃ፣ ያው ቀለም፣ ያው ዱቄት፤ ማግኔቷ ብቻ ከነማሸጊያዋ አዲስ። ቆመን አየን። ሰማያዊ። ኤሱማ ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

ሰማያዊ!

ከዚያ የኔዋን አሮጌ ጨመሩበት። ዓይናችን እያየ ጠራ። ለካ ነጩ ልባሷ ተጫጭሮ፣ ብሩ ጭረቷ ውስጥ ተወሽቆ ኖሯል። ይሄ ደግሞ በሳሙና አይለቅም።

ጫልቱ፣ አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ፣ ከኋላ ሆና «ዋቃዮ፣ ማግኔቷ ፍስክ ነበረች በሉኛ» አለች።

ላቡ በሳቅ ፈረሰ። ለምን መሰላችሁ? ባለፈው ረቡዕ ጫልቱ (ጴንጤ ናት፣ ረቡዕን አትጾምም) የሥጋ ወጥ ባማሰለችበት ማማሰያ የጾም ሽሮዬን ነካችብኝ። «ታጥቧል እኮ» ብትለኝ፣ «ቢታጠብስ? የፍስክ ማማሰያ ምንጊዜም የፍስክ ነው» ብዬ ድስቱን ሙሉ አስደፋኋት። ይህንንም ለክፍሉ ተማሪ ሁሉ እያማረርኩ ያወራሁት እኔው ነኝ!

ፍርዱ ተሰጠ፦ ሙከራው ሁሉ በአዲስ ማግኔት ይደገም፤ ምረቃዬ ለከርሞ። አልዋሻችሁም፣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ስወጣ ኤሱማ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ስልካቸው ጠራ። ከጌዶ ነው፤ ገበያው ውጤቱን እየጠበቀ ነው። ኤሱማ ውሸት አይሆንላቸውም። መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

«ቢሻኑማ ደህና ነው፣ ውኃው ምንም የለበትም። ልጅቷ ናት ዕቃ ማጠብ የማትችለው።»

እስቲ እናንተ፣ የብርን ነገር ለጌዶ ገበያ በኦሮምኛ የሚያስረዳልኝ አለ? ወይስ ማስተርሱም ሙያውም ሳይኖረኝ ልቅር?