ሊቀ ጥይት ሆሊስ ድራውዲ

አዲስ የተተኮሰ ቀለህ ሽታ፣ የተቃጠለ ባሩድ ከእርጥብ ካርቶን ጋር የተደባለቀበት ያ ሽታ፣ ዛሬም ድንገት አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ የሚታየኝ ጫካ አይደለም፤ አደንም አይደለም። የሚታየኝ በደቡብ ጆርጂያ የነበረኝ የመኖና የዘር ሱቅ፣ ከባንኮኒው አጠገብ የተደረደረው የበቆሎ ከረጢት፣ ከከረጢቱም በላይ እንደ ዙፋን ተመቻችተው የሚቀመጡት ሰውዬ ናቸው።

አንድ ከተማ ሐኪም ላይኖረው ይችላል። ጠበቃ፣ ጥርስ ነቃይ፣ ደህና ጸጉር አስተካካይ ላይኖረው ይችላል። የዱር አሳማ በሚገኝበት አገር ግን ለአሳማ የሚሆነው ጥይት የትኛው እንደሆነ ሳይጠየቅ የሚነግር አንድ ሰው የሌለው ከተማ አልተፈጠረም። የእኛው ክቡር ሊቀ ጥይት ሆሊስ ድራውዲ ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሱቄ ውስጥ አስተምረዋል፤ በእነዚህ ዓመታት ከእኔ የገዙት ዕቃ ቢደመር አንድ የእጅ ባትሪና ሁለት የአይጥ ወጥመድ ነው።

ደንበኛ በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ገና መዝጊያውን ሳይመልስ፣ «በስንት እርምጃ?» ይሉታል። ሰላምታቸው ይኸው ነው። አሳማው በስንት እርምጃ ርቀት ላይ ይቆምልሃል ማለታቸው ነው።

«ኧረ ጋሽ ሆሊስ፣ እኔ የመጣሁት ለዶሮ መኖ ነው።»

«ዶሮ ካለ መኖ አለ፤ መኖ ካለ አሳማ ይመጣል። በስንት እርምጃ?»

ትምህርታቸው ሦስት ምዕራፍ ነበረው። አንደኛው የወፍ ጥይት ነው፤ እርሳሱ እንደ ሰናፍጭ ዘር የደቀቀ። «ይኼ ለአሳማ ማከኪያ ነው» ይላሉ፤ «ጀርባውን አክከህለት አመስግኖህ ይሄዳል።» ሁለተኛው የአጋዘን ጥይት ነው፤ የአተር ፍሬ የሚያህሉ ዘጠኝ እርሳሶች በአንድ ቀለህ የታጨቁበት። ሦስተኛው አንድ ወጥ የሚባለው ነው፤ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል አንድ ብቸኛ እርሳስ። «አንድ ወጥ ለሩቅ ነው፤ ካልሆነም ለትዕቢተኛ። በቅርብ ከሆነ ግን ዘጠኙ! አንድ ጊዜ መሳት ያለ ነው። ዘጠኝ ጊዜ የሚስት ሰው ግን እናቱ አልወለደችውም።»

ይህን ዕውቀታቸውን በአሳማ ላይ ብቻ አይወስኑትም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ፓስተራችንን በር ላይ ያዟቸው። «ፓስተር፣ የዛሬው ስብከትዎ የወፍ ጥይት ነበር። ሁሉንም ነካ፣ ማንንም አልጣለም።»

ፓስተሩም የዋዛ አልነበሩም። «አንተ የት ነበርክ ሆሊስ?»

«እንደ ወትሮው፣ መጨረሻው ወንበር ላይ።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የጥይቱ አይደለም። ቀረብ ብለህ ተቀመጥ።»

አንድ ነገር ግን አልክድም፤ ሰውዬው ሥራቸውን ያውቁ ነበር። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ የምግብ ፍላጎታቸው ለየቅል ነው፤ አንዷ የምትወደውን ጥይት ሌላዋ ትተፋዋለች። ስለዚህ በእኛ አገር ጠመንጃ የገዛ ሰው ሁሉ አደን ሳይወጣ ከሱቄ ጀርባ የከረጢት ወረቀት ቸንክሮ፣ አሥራ አምስት እርምጃ ቆጥሮ ይተኩሳል። ሆሊስ ቀዳዳዎቹን ሐኪም የራጅ ፊልም እንደሚያይ ወደ ብርሃን አንሥተው ያነባሉ። «ያንተ ወደ ግራ ያጋድላል። በቤት ሰላም ነው?» ከዚያ ስምና ቀን ጽፈው፣ ወረቀቱን አጥፈው፣ ሙሉ ልብስ በተገዛበት ትልቅ ካርቶን ውስጥ ያኖሩታል። የአገሩ ጠመንጃ ሁሉ የሕይወት ታሪክ እዚያ ካርቶን ውስጥ ነበር።

እትዬ ቨርዲ ክሮስቢ ወደ ሱቄ የመጡት ያን ዓመት በግንቦት ማለቂያ ላይ ነው። ባላቸው አልተን፣ የሆሊስ የልብ ወዳጅ፣ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነበር። ለእትዬ ቨርዲ የቀራቸው አሥራ ሁለት ኤከር የኦቾሎኒ መሬት ነው። አሳማ ደግሞ የተዘራ ኦቾሎኒ እንዴት እንደሚበላ ያየ ያውቀዋል፤ ከረግረጉ ይወጣና ከመስመሩ ጫፍ ጀምሮ፣ በማስመሪያ እንደሚሠራ ሰው፣ አንድ ዘር ሳይዘል እየቆፈረ ይለቅማል። እሳቸው ሁለት ጊዜ ዘርተው ሁለቴም ተበልቶባቸዋል። ትናንት ሦስተኛውን ዘርተው ነበር፤ ይህ ከተበላ ዳግመኛ ለመዝራት ወቅቱ ያልፋል።

«የወንድሜ ልጅ ከጃክሰንቪል ወረቀት ልኮልኛል» አሉ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው። «መሬቱን ጥድ ለሚተክሉ ሰዎች እንድሰጥ። ይኼኛው ዘር ከተበላ እፈርማለሁ፤ በቃኝ። ዊልበር፣ አንድ ወጥ ስጠኝ።»

«በስንት እርምጃ?» አሉ ሆሊስ ከዙፋናቸው።

«በአሥራ ሁለት። በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ነው የሚገቡት፤ ከአሮጌው ጋሪ ጀርባ እቀመጣለሁ። ከዚያ ከራቀ ዓይኔ አይታዘዘኝም።»

«በአሥራ ሁለት እርምጃ አንድ ወጥ? ምን ነካሽ ቨርዲ? እጅሽ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ አለቀ። ዘጠኙ ግን ይቅር ይልሻል።»

«እጄን ለእኔ ተወው። አንድ ወጥ ነው ያልኩት።»

«የአልተንን ጠመንጃ አይደል የያዝሽው? እሷን እኮ ከነነፍሷ ነው የማውቃት!» ብለው ካርቶናቸውን ጎተቱ። አሥር ዓመት የሞላውን ወረቀት አውጥተው ዘረጉት። ዘጠኝ ቀዳዳ፣ ሁሉም በአንድ መዳፍ የሚሸፈን። «ተመልከቺ! ይኼ ጥይት አይደለም፣ ጥልፍ ነው።»

እትዬ ቨርዲ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። እኔ ያመኑ መሰለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዘጠኙን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ንጋት ላይ ሆሊስ ለምስክርነት እኔን አስከትለው መጡና ከእትዬ ቨርዲ ጋር ከጋሪው ጀርባ አደፈጥን። ጉሙ ገና ከመሬት አልተነሣም። አሳማዎቹ በአጥሩ ቀዳዳ ገቡ፤ ፊት የምትመራው አንድ ጆሮ ብቻ የቀራት አሮጊት እናት አሳማ ናት። አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ስትደርስ ጎኗን ሰጥታ ቆመች። ሆሊስ «አሁን» አሉ በሹክሹክታ።

እትዬ ቨርዲ ቃታውን ሳቡ። አፈሩ ከፊቷ ቦነነ፣ ከኋላዋ ቦነነ፣ ከሆዷ ሥር ቦነነ። ባለ አንድ ጆሮዋ ግን በር እንደተንኳኳባት የቤት እመቤት ቀና ብላ አየችንና መንጋዋን ይዛ ወደ ረግረጉ ገባች።

ሆሊስ ጠመንጃዋን ከእትዬ ቨርዲ እጅ ተቀበሉ። ያን ጊዜ ነው ከዓመታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርገው ያዩዋት፤ ሱቅ ውስጥ ያዩት ወረቀቱን ነበር። ጣታቸውን በአፈሙዙ ጫፍ ላይ አዞሩት።

«ቨርዲ፣ ይህች ጠመንጃ አጥራለች።»

«በአራት ጣት» አሉ እትዬ ቨርዲ። «አልተን ረግረጉ ውስጥ ወድቆ አፈሙዟ ጭቃ ጎረሰ። ሳያይ ተኮሰና ጫፏ እንደ አበባ ፈነዳ። በብረት መጋዝ ቆረጣት። ከዚያ ወዲህ ዘጠኙን ካጎረስካት ዙሪያውን ዘርታ መሀሉን ባዶ ትተወዋለች። አልተን አንድ ወጥ ብቻ ነበር የሚያበላት።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ፈርቶህ ነዋ! ‹ሆሊስ ከሰማ እስክሞት ድረስ አፈሙዝ ስለማየት ሲያስተምረኝ ይኖራል› ብሎ አስማለኝ። እኔም የሟች ቃል ሆኖብኝ ትናንት ዝም አልኩ።»

«መቼ ነው ይኼ የሆነው?»

«ሊሞት ስድስት ዓመት ሲቀረው።»

«ስድስት ዓመት? ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ጀልባ ዓሣ እያጠመድን?»

«በዚያው ጀልባ ላይ ሆኖ ነው የደበቀህ።»

ሆሊስ አፈሙዟን በመሐረብ ጠረጉ። «እስከ ዓርብ ጠመንጃዋ እኔ ጋ ትቆይ» ብቻ ብለው ተሸክመዋት ሄዱ።

ያን ሳምንት ከረጢቱ ባዶ ዋለ። እኔ እኚህ ሰው አንድ ቀን እንኳ ዝም እንዲሉልኝ አሥራ አንድ ዓመት የጸለይኩ ሰው ነኝ። ጸሎቴ ሲሰማልኝ የምገባበት ጠፋኝ። ደንበኞች ይገቡና የጥይቱ መደርደሪያ ፊት ቆመው የሚጠይቃቸው ሰው ይጠብቃሉ። ጋራዥ ያለው ሮይስ ታነር፣ በሆሊስ ላይ በማሾፍ የሚታወቀው፣ «ኧረ አንድ ሰው ይቆጣኝ፤ ያለ ቁጣ ጥይት መግዛት አልለመድኩም» አለ። እኔም ሁለት ጊዜ መኪናዬን አስነሥቼ ቤታቸው ድረስ የውሻ ምግብ አድርሻለሁ። አላዘዙም። ውሻም የላቸውም። ሁለቴም ተቀብለው «እሺ» ብለው በሩን ዘጉት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ጀርባ ተኩስ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ ሆሊስ ወረቀት ቸንክረው፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ቆጥረው፣ ከየፋብሪካው የተሠራውን አንድ ወጥ ሁሉ ተራ በተራ እየሞከሩ ነው። አንድ ወጥ ሲተኮስ ትከሻን እንደ በቅሎ ይረግጣል። እሳቸው ደግሞ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። አርባ ያህል ተኮሱ። ሸሚዛቸውን ሲገልጡ ቀኝ ትከሻቸው እንደ በሰለ ወይን ጠቁሯል። «ጋሽ ሆሊስ፣ በረዶ ላምጣልዎት?» አልኳቸው። አልሰሙኝም፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥተው ነበር።

ጠመንጃዋን ሊወስዱ ለመጡት እትዬ ቨርዲ የመለሱት እዚያው ፊቴ ነው። «ይኼኛውን ፓኬት ነው የምትወደው። ግን ሽቅብ ትተኩሳለች፤ ከምትፈልጊው ቦታ ሦስት ጣት ዝቅ አድርገሽ አነጣጥሪ።» ከዚህ የተረፈ አንዲት ቃል አልጨመሩም። ደነገጥኩ።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሞልቶ ነበር። ሆሊስም ከሳምንት በኋላ መጥተው ከረጢታቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ግን የሚገባውን ሰው ሁሉ «በስንት እርምጃ?» ሳይሉ ያሳልፋሉ። እትዬ ቨርዲ ጭቃ በጭቃ በሆነ ጫማ ገቡ።

«ባለ አንድ ጆሮዋ ወደቀች» አሉ። «ከዚያ ተኩስ ወዲህ ዛሬ ገና መመለሷ ነበር። በአሥራ አንድ እርምጃ፣ በአንድ ጥይት። የቀሩት ያለ እሷ መንገዱ ጠፍቷቸው ረግረጉን ተሻግረው ሄዱ። ኦቾሎኒዬ ዛሬ ብቅ ብሏል። ለዚያም ልጅ ደውዬ ጥድህን ሌላ ቦታ ትከል ብዬዋለሁ።»

ሱቁ በጩኸት ተናጋ። ጩኸቱ በረድ ሲል ሮይስ ክንዱን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን እያጠበበ ወደ ከረጢቱ ዞረ። የዘጠኙ ነገር ጆሮው ደርሷል። «ለመሆኑ ጋሽ ሆሊስ፣ ይኼን ጥይት የመረጠው ማነው?»

እኔ «እሳቸው ናቸው!» ብዬ ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንዲህ የምወዳቸው መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እትዬ ቨርዲ ቀደሙኝ። «ሆሊስ ነው እንጂ። ሦስት ጣት ዝቅ አድርጊ ባይለኝ ኖሮ ጥይቱ በላይዋ ያልፍ ነበር።»

«አይደለም» አሉ ሆሊስ። ተነሥተው ቆባቸውን አጠለቁ። «የመረጠው አልተን ክሮስቢ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር፤ እኔ ነኝ እንዳይነግረኝ ያደረግሁት።»

ሮይስ ክንዱን ከባንኮኒው አነሣ። ሆሊስ በሰዎቹ መሀል ቀስ ብለው አልፈው፣ በሩን በግራ እጃቸው ከፍተው፣ ደህና ዋሉ ሳይሉ ወጡ።