የዓይን ጎሚኒ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ መካኒኩ ዘርጋው የአሮጌዋን ኮምቢዬን የመስኮት ጎሚኒ ሲቀይር፣ ጋራዡ አግዳሚ ላይ ሸለብ አደረገኝና ሕልም አየሁ። ኮምቢዋ ውስጧ አልጋና ምድጃ ያላት፣ ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር አገር ያየንባት መኪና ናት። አስካለ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ነገ ለሙት ዓመቷ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ደብረ ሲና ልሄድባት አስቤያለሁ፤ ግን ጎሚኒው፣ መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዘው ጎማ፣ ደርቆ ስለተሰነጣጠቀ ዝናቡ ፍራሹ ላይ ይወርድ ነበር።

በሕልሜም ጋራዡ ያው ነበር። ብቻ መኪኖቹ ቱታ ለብሰው ይሠራሉ፤ ሰዎቹ ተራ ይዘው ተጋድመዋል። ዝናቡ ከመሬት እየተነሳ ወደ ደመናው ይወጣል። ማንንም አልገረመውም። እኔንም አልገረመኝም።

ተራዬ ሲደርስ በክሪክ አነሱኝ። ኮምቢዬ መነጽሯን አድርጋ መጣችና የዓይኔን ቆብ ገለበጠችው።

"ጎሚኒው አልቋል" አለች። "ውሃ ያስገባል?"

"ያስወጣል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አስካለ ካረፈች።"

"አስካለን አውቃታለሁ። በሬን ቀስ አድርጋ ነበር የምትዘጋው" አለች። "በቃ፣ አዲስ እናስገባልሃለን። ከእንግዲህ ጠብ አይልም።"

ዞር ስል ዘርጋው ከጎኔ ተኝቷል። አንድ ገልባጭ መኪና ጉልበቱን ያጠብቅለታል።

"ላስቀይር እንዴ?" አልኩት።

"እኔ አምና አስቀይሬያለሁ። እናቴ ስትቀበር እንደ ምሰሶ ደርቄ ቆምኩ። እህቴ እስከ ዛሬ አታናግረኝም።"

"አላዘንክም ማለት ነው?"

"አዝኛለሁ እንጂ! መውጫ አጥቶ እዚሁ ነው ያለው" አለና ደረቱን መታ መታ አደረገ። እስከ ግማሹ ውሃ እንደያዘ በርሜል ተንቦጫረቀ።

ፈራሁ። "ተዪው፣ ይፍሰስ" አልኳት ኮምቢዋን።

"ካልተቀየረ ቦሎ አይለጠፍልህም" አለች በትሕትና። የሳሙና ውሃ ቀባችኝ፤ አዲሱ ጎሚኒ ውስጥ ሲባጎ አዙራ መሳብ ጀመረች።

"ቆዪ! መጀመሪያ ደብረ ሲና ደርሼ ልምጣ። መቃብሯ ላይ አልቅሼ ስመለስ የፈለግሽውን አድርጊ።"

ሲባጎውን እንደያዘች አሰበች። "በምን ትሄዳለህ?"

"ባንቺ ነዋ።"

"ወግ ነው! በእኛ አገር መኪናውን የሚያዝለው ተሳፋሪው ነው።"

"እሺ፣ አዝልሻለሁ።"

በጋቢዬ አዘልኳት። እንደ ሕፃን ቀላል ነበረች። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ ጭጋጉ ዋጠን፤ ጀርባዬ ላይ ሆና ሞተሯን ቀስ አድርጋ ታንጎራጉራለች። ዓይኔ ሞልቷል። እስከዚያች ሰዓት እንዲያ ደስ ብሎኝ አልቅሼ አላውቅም። ቁልቁለቱን ልጀምር ስል አንድ ሰው ትከሻዬን ነቀነቀኝ።

ዘርጋው ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሟል።

"ጋሼ፣ ጎሚኒው ልክክ ብሎ ገብቷል።"

"እሰይ! ተባረክ!"

"መስታወቱ ነው እንጂ የተሰበረው።"