እንደ እናቴ ነው የማያት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ አገሩ ሁሉ ተገልብጦ አየሁ። አህዮች ታክሲ ተሳፍረው በመስኮት ይመለከታሉ፤ ነጋዴዎቹ እህሉን ተሸክመው ከኋላ ይሮጣሉ። እኔም ከሯጮቹ አንዷ ነበርኩ። ማንንም አልገረመውም።

ወዲያው የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ተገኘሁ። የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛን ለማስቀረት ከየአገሩ የሚመጡት ባለሙያዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ ማለት ነው፣ ሽርጥ ታጥቀው ሰሃን ያጥባሉ። መድረኩ ላይ የተሰየሙት የፊት ጥርሳቸው የወለቀ ልጆች ናቸው። በሻይ እረፍት ብስኩት ያዞርኩላቸው እኔ ነኝ፤ አንዱ ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ከአዳራሹ ወጣሁ ስል የገባሁት ቤቴ ነው። ቤቱ ግን የየሻረግ ሆኗል። የሻረግ ላስተምራት ብዬ ከገጠር ያመጣኋት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ እስከ ዛሬ ትምህርት ቤቱን የምታየው ዳቦ ልትገዛ በደጁ ስታልፍ ነው። በሕልሜ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯ መሬት አይደርስም። እኔ ተንበርክኬ ወለል እወለውላለሁ። እንግዶቿ ማን እንደሆንኩ ጠየቋት።

«ሠራተኛ እኮ አይደለችም» አለች ሻይዋን ፉት እያለች። «እንደ እናቴ ነው የማያት። ላስተምራት ነው ያመጣኋት።»

እንግዶቹ ደግነቷን አደነቁ። ከመካከላቸው ተቆጣጣሪ ነኝ ያለች፣ ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን፣ መጥታ መማር እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ልቤ ዘለለ። ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ የኖርኩ መሰለኝ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«እትዬ ካሉ።»

በር ሲንኳኳ ነቃሁ። ነግቷል። የሻረግ ቀሚሴን ተኩሳ ቆማለች፤ ወደ ስብሰባው የሚወስደኝ መኪና መጥቷል አለችኝ። ለባብሼ ስወጣ ዶክተር ፍስሐጽዮን ሳሎን ቆሞ ይጠብቀኛል። ለስብሰባው ከውጭ አገር የመጣ ባልደረባዬ ነው፤ ቤቴን አያውቅም። ልጅቷ ማን እንደሆነች ጠየቀኝ። የእህቴ ልጅ ናት አልኩት። ስንተኛ ክፍል ናት ሲለኝም አራተኛ አልኩ፤ ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም። እሱ ፈገግ ብሎ ወደ እሷ ዞረና ትምህርት እንዴት ነው አላት።

የሻረግ አንዴ እኔን አየችኝ።

«ጥሩ ነው» አለችው። «ከክፍሌ ሁለተኛ ወጥቻለሁ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። እሷ ግን ቦርሳዬን ተሸክማ ቀደመችንና የግቢውን በር ከፈተችልን።