ባዶው ቀይ ሣጥን

እኛ ሰዎች ነገርን በስሙ ከጠራን ምላሳችን የሚቃጠል ይመስለናል። የሰከረውን «ትንሽ ሞቅ ብሎታል»፣ ከሥራ የተባረረውን «በፈቃዱ ለቀቀ» እንላለን። ሞት ላይ ስንደርስማ አንደበታችን ሐር ይሆናል። ሞተ የሚባል ውሻ ነው፤ ቢበዛ የመኪና ባትሪ ቢጨመር ነው። ሰው ግን ያርፋል፣ ይለያል፣ ይጠራል። እስላም ጎረቤቶቻችንም «ወደ አኼራ ሄዱ» ይላሉ እንጂ ቃሉን አይደፍሩትም። ይህ ጨዋነት ነው። ጉዱ የመጣው ጨዋነት የማያውቅ ነገር መካከላችን የገባ ዕለት ነው።

ኮልፌ ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ ያለው እድራችን፣ ጥሩምባ ነፊው አርጅቶ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ በሌላ ሰው እንደ መተካት በስልክ ተካው። የሰብሳቢው ልጅ ቤዛዊት ኮምፒውተር የተማረች ናት፤ ለእድሩ ድረ ገጽ ሠራች። ጉባኤ ፊት ቆማ፣ መልእክት ሁሉ በየዓይነቱ ተለይቶ በየሣጥኑ ይገባል አለችን።

«ሣጥን?» አልኳት። እድር ውስጥ ሣጥን ሲባል ምን ትዝ እንደሚል እናንተም አታጡትም።

«እንደሱ አይደለም፣ እማማ ብርቄ! ቀዩ የሞት፣ ቢጫው የስብሰባ፣ አረንጓዴው የዕረፍትና የሽርሽር ነው። ጸሐፊው ዝም ብለው ይጻፉ፤ ቃሉን አይቶ ራሱ ይለያል።»

«ራሱ?»

«ራሱ!»

ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት ባያልፍም ፊደል አያመልጠኝም። ሽርሽሩ ምን ያደርግልኛል? እኔን ከታክሲ ለማውረድ እንኳ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ በየጠዋቱ ቀዩን ብቻ እከፍታለሁ። ባዶ። በማግስቱም ባዶ። ወር አለፈ፣ ባዶ። አትሳቁብኝና ቤዛዊትን መረቅኳት፤ «ይቺ ልጅ ሞትን ከኮልፌ አባረረችው» ብዬ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ሲያረጁ መጃጃል የሌላ ሰው ዕጣ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ፌርማታው ላይ ዘነበችን አየኋት። ከማዞሪያው ማዶ የምትኖር የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ናት፤ አየር ጤና ጋራዥ ያለው የመካኒኩ የታደሰ ሚስት። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች።

«ምነው ዘነበች፣ ይሄ ጥቁር እንዴት አቅጥኖሻል! ታዴ አይቶሻል?» አልኳት፣ እየሳቅሁ።

አየችኝ። ትኩር ብላ አየችኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ ብርቄ። እርስዎ ደህና ነዎት?»

እርስዎ! ሠላሳ ዓመት አንቺ ያለችኝ ሴት! ታክሲው መጣ፤ ገብታ ሄደች። አጠገቤ ጎመን የምትሸጠው ሴትዮ ቀና ሳትል፣ «ባሏን ከቀበረች ሁለት ሳምንቷ ነው» አለችኝ። ጎመኑ ላይ ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም።

በቀጥታ ቤዛዊት ቤት ሄድኩ። ስልኳን አወጣች፤ ቀዩን ከፈተች፣ ባዶ። ቢጫውን ከፈተች። ከዚያ አረንጓዴውን። ወይ ጉድ! የባሕር ሥዕል አለ፣ ጃንጥላ አለ፣ በጃንጥላው ሥር «አቶ ታደሰ ከብዙ ድካም በኋላ አረፉ» ይላል። ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ ለማወቅ «ቀሪውን ለማየት ይጫኑ» ነው፤ ማን ይጫን? ከእሱ በታች ደግሞ ሌሎች ሁለት ሰዎች አርፈዋል።

«አረፉ ስለሚል…» አለችና ዋጠችው። «ሞቱ ቢሉ ኖሮ ቀዩ ውስጥ ይገባ ነበር።»

«ያንቺን አባት ቢሆን፣ ‹ሞቱ› ብሎ የሚጽፍ ወንድ አለ?»

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አልራራሁላትም፤ ስልኳን ነጥቄ ወደ ዘነበች ቤት አመራሁ።

ዘነበች በሩን ከፈተችና «ይግቡ» አለችኝ። አሁንም ይግቡ። ተቀመጥኩ።

«ሰባት ሰው» አለች፣ ግድግዳውን እያየች። «የሰው ሁሉ ድንኳን ሲተክል የኖረ ሰውዬ በሰባት ሰው ተቀበረ። እንዲህ የተጠላ መሆኑን ሳላውቅ ኖርኩ።»

እኔ ለካ የመጣሁት ለራሴ ይቅርታ ልለምን ነበር። እሷ ግን የተቀየመችው ለሟች ነው። ስልኩን ዘረጋሁላት። መነጽሯን አደረገች። ከባሕሩ ሥር የሰፈሩ ሰው፣ ታዴ ጡረታ የወጣ መስሎት፣ ተሰልፎ ጽፎለታል፦ «መልካም ዕረፍት ጋሽ ታዴ፣ ይገባዎታል!» «ስንቱን መኪና አስነሥተውልናል፤ ይዝናኑ!» «ፎቶ ይላኩልን!»

አንድ በአንድ አነበበችው። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ተናጠ። ገደልኳት ብዬ ተነሣሁ።

«ብርቄ» አለች፣ ከነጠላው ሥር።

«አቤት።»

«አንቺ! ይሄ ሰውዬ እኮ በሠርጋችን ማግስት ጋራዥ የገባ ሰውዬ ነው! ዕረፍት!»

ምን ልበላችሁ፣ ፈነዳን። ከዚያ ሳቁ የት ላይ እንደተሰበረ አላውቅም፤ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ፣ ሁለት ሳምንት የዘገየውን ለቅሶ በሙሉ ድምፄ አለቀስኩት። ጩኸታችንን ሰምቶ ጎረቤት መጣ፤ ጎረቤትን አይቶ መንገደኛ መጣ፤ ወንበር ጠፋ። ከመጡት አንዱ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ኧረ ለመሆኑ፣ ሳቅ ነው ለቅሶ?» አለ።

ግባና ተቀመጥ አልነው።