የአውሮፕላን ጋቢና

በአገራችን ሰው የሚሞተው በበሽታና በመኪና ብቻ ይመስላችኋል? በይሉኝታም ይሞታል። እኔ ራሴ ለጥቂት ተርፌያለሁ፤ ያውም ከሰማይ ስወርድ።

የሽሮ ሜዳው ጎረቤታችን ዳዊት ሊያገባ ሽማግሌ አድርጎ ላከን። የልጅቷ ቤተሰብ ያለው ሩቅ ገጠር ነው። አባቷ ቀን ቆርጠው ሰጥተውናል፤ በማግስቱ ደግሞ የሌላ ጠያቂ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ሰምተናል። ብንቀር ዳዊት ልጅቷን አጣ ማለት ነው። ቀኑ ሲቃረብ የክረምቱ ጎርፍ የመንገዱን ድልድይ ወስዶት ቁጭ! እንግዲህ የዳዊት አብሮ አደግ ሄኖክ የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ነውና እኔ አደርሳችኋለሁ አለ።

ሄኖክ እንደ ጤፍ አንድ በአንድ መዘነን። ከዚያ እኔን፣ እግዚአብሔር ሥጋ ያልነፈገኝን፣ ከጎኑ አስቀመጠኝ። መሪያችንን አባባ ተሰማን፣ ነፋስ የሚወስዳቸውን ሽማግሌ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ ከሻንጣው ጋር። ከዚያ ጎማ ሊያይ ወረደ።

እስቲ ፍረዱኝ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አባት ከኋላ ተቀምጠው እኔ ጋቢና ልንፈላሰስ? የቀጨኔ ታክሲ ውስጥ እንኳ የማይደረግ ነውር! ተነስቼ በግድ ቦታዬን ሰጥቼ እሳቸው ወንበር ላይ ከኋላ ተቀመጥኩ። ግርማ፣ ከእኔ የማያንሰው ባልንጀራዬ፣ ብቻዬን እንዳይከፋኝ ብሎ ከመካከል መጥቶ አጠገቤ ተደላደለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ሄኖክ ሲመለስ አየን፤ ሊናገር አፉን ከፈተ። አባባ ተሰማ ግን ቀድመው ዕድሜህን ያርዝመው፣ ጥሩ ቦታ ሰጠኸኝ ብለው መረቁት። ምን ይበል? አሜን ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ልናርፍ ስንል የአውሮፕላኗ አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀና፣ እኛ ያለንበት ጅራት ወደ መሬት። ሄኖክ መሪውን እየገፋ በላብ ተጠመቀ። ጅራቷ መሬቱን መታ፣ ነጠረች፣ በጎን ዞራ እሸት በቆሎ መሐል ገብታ ቆመች። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። አባባ ተሰማ ዞር ብለው ደረስን ወይ ብለው ጠየቁን። በእርግጥ ደርሰናል፤ በቆሎው የልጅቷ አባት ንብረት ነበር።

በኋላ መርማሪዎቹ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለበዛ ነው አሉ። ሽማግሌውን ለምን አላስነሳሃቸውም ብለው ሄኖክን ሲያፋጥጡት፣ መርቀውኝ እንዴት አድርጌ አላቸው። እነሱም የሰው ልጆች ናቸውና ጥያቄውን አለፉት።

ለማንኛውም፣ በዚያው በወደቅንበት ዕለት ፀጉራችን ላይ የበቆሎ ቅጠል እንደያዝን አባትየው ፊት ቆመን ልጃችሁን ለልጃችን አልን። ወግ ነውና በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም። ዘመድ ሳላማክር አልችልም፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ አሉን። ነገ የሚመጡት ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ።

አባባ ተሰማ ከዘራቸውን ተደግፈው ረጋ ብለው እንዲህ አሉ፦

«እሺ ልጄ፣ እንመለሳለን። ድልድዩ እስኪሠራ ያው በአየር ነው የምንመጣው። ብቻ የቀረውን በቆሎ ቀደም ብለህ ሰብስበው።»

ሰውየው አንዴ ማሳቸውን፣ አንዴ እኛን አዩ። ዘመድ ሳያማክሩ ልጅቷን እዚያው ሰጡን።