ከእጅ ንክኪ ነፃ የሆነው ሳሎን

የቴክኖሎጂ ሽግግር ወደ ከተማችን ወደ ቆሰበር በማን ትከሻ እንደገባ መጪው ትውልድ ሊያውቀው ስለሚገባ፣ የዓይን እማኝ የሆንኩት እኔ የበታች ሠራተኛ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ። ባለውለታችን አቶ ደሴ ይባላሉ። ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤታችን የዕቅድና ክትትል የሥራ ሂደት ባለቤት ናቸው። እሳቸው ከተሾሙ ወዲህ ያላቀድነው ነገር የለም፤ መሥራቱ ብቻ ነው የቀረን።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ ለአምስት ቀን ሥልጠና ባሕር ዳር ተላኩ። እዚያ አሠልጣኙ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ በሞባይሉ ብቻ፣ አዳራሹ ጥግ ያለውን ሙዚቃ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ አዩ። ከሥልጠናው ይዘውት የተመለሱት ይህንኑ ነው። በሳምንቱ ከሰላሁዲን ሱቅ ሁለት ገመድ አልባ ስፒከሮች ገዙ። ሰላሁዲን ደግ ነጋዴ ነውና፣ ከጀርባው ማብሪያና ድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ እንዳለው፣ ሞባይሉ ካስቸገረ በጣት መጫን እንደሚቻል አሳያቸው። አቶ ደሴ ቅር አላቸው። ቁልፍማ ድሮም ነበረ።

ቤት እንደገቡ ቤተሰቡን ሰብስበው አቅጣጫ አስቀመጡ። ከዛሬ ጀምሮ ስፒከሩን ማንም በእጁ አይነካም፤ ማንኛውም የድምፅ መጨመርና መቀነስ ከማዕከል፣ ማለትም ከእሳቸው ኪስ፣ ይመራል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደጊቱ ሃያ ዓመት በጣታቸው እያዞሩ ያዳመጡት ሬዲዮ ከዘመኑ ጋር መራመድ ባለመቻሉ በጡረታ ተሰናበተና ቆጥ ላይ ወጣ።

በአፈጻጸም ረገድ ጥቂት ተግዳሮቶች አልጠፉም። ሁለቱ ስፒከሮች አንድ ላይ ተግባብተው አያውቁም፤ አንዱ ሲገናኝ ሌላው ይኮርፋል። ስለዚህ የመኝታ ቤቱ ዳንቴል ለብሶ ተጠባባቂ ተባለ። የሳሎኑ ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከውስጡ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ትናገራለች። ወይዘሮ ደጊቱ መጀመሪያ ቀን ማናት ብለው ቢጠይቁ፣ ሲስተሙ ናት ተባሉ። ጠዋት ጠዋት ዜና ለመስማት አቶ ደሴ መነጽራቸውን ይፈልጋሉ፣ ሞባይላቸውን ይፈልጋሉ፣ ሞባይሉ ስፒከሩን ይፈልጋል፤ የጎረቤት ስልክ ያገኝና ቁጥር አስገባ ይላቸዋል። ተፈላልገው ሲገናኙ ዜናው አልቆ ስፖርት ላይ ደርሷል። ሽንት ቤት ሲሄዱ መዝሙሩ ከመሃል ይቆረጣል፤ ሰፈሩም የት እንደሄዱ ያውቃል። ቢሮ ሲውሉ ቤቱ ዲዳ ሆኖ ይውላል።

ያ ሁሉ ሲሆን ቁልፉ ከወይዘሮ ደጊቱ እጅ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጧል። አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አልቆ ልጫነው ወይ ብለው ጠየቁ።

«ደጊቱ፣» አሉ አቶ ደሴ፣ «ወደ ኋላ አንመለስም።»

እኔም በታዘዝኩት መሠረት «ከእጅ ንክኪ ነፃ የሆነ ሳሎን» በሚል ርዕስ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ውስጥ እንደ ምርጥ ተሞክሮ አስገባሁት። ሌሎች መሥሪያ ቤቶች እንዲቀስሙት ተላለፈ።

አሁን ወደ ሶስና ልግባ። ሶስና የአቶ ደሴ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ዳንግላ የሚያስተምረውን ፀጋውን ትወዳለች፤ እሱም ይወዳታል፤ ሁለቱም ይህን ለማንም አልደበቁም። የፀጋው አባት ጎረቤቴ ናቸውና ከመሪጌታ ሀብቱና ከሰላሁዲን ጋር ሽማግሌ አድርገው ላኩኝ። አቶ ደሴ ሁለት ጊዜ መለሱን። ልጁን ጠልተው አይደለም፤ በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዳይ ጥራት የለውም ብለው ስለሚያምኑ ነው። መጀመሪያ ሄደን ይጠና አሉን። ቀጥለን ስንሄድ ጥናቱ ራሱ ይጠና አሉን። የፀጋው አባት ታዲያ በቁጣ ማሉ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ባዶ እጃችንን ከተመለስን ለልጃቸው ሌላ ቤት ሊያስጠይቁ ነው። ሶስና ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ አይኗ ገብቶ ሳያት በጣም አዘንኩ። አለቃዬም ቢሆኑ እውነቱን ልናገር፣ በአቶ ደሴ ተናድጄ ነበር። በልቤ ነው የተናደድኩት።

በሐምሌ ወር፣ በአንዱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ሄድን። አቶ ደሴ ሶፋቸው ላይ ሞባይል ይዘው ተቀምጠዋል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ስፒከር የበገና መዝሙር ያሰማል። እንግዳ ሲገባ ዝቅ ሊያደርጉት ቢጫኑ ጮኸ። እንደገና ቢጫኑ ይባስ ጮኸና መሪጌታ ጆሯቸውን ያዙ። በሦስተኛው ጨርሶ ዝም አለ። ተስተካከለ አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

እንደ ወጉ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። መሪጌታ ይህ የመጨረሻ ምልልሳችን እንደሆነ ሳይሸፋፍኑ ነገሯቸው። አቶ ደሴ በረጅሙ ተነፈሱና፣ ዳንግላ ያሉትን ታላቅ ወንድማቸውን አቶ ይሄነውን ሳያማክሩ ቃል መስጠት ነውር መሆኑን አስረዱን። ለወትሮው ቤት ውስጥ ኔትወርክ በደንብ ስለማይዝ ስልክ የሚያወሩት ግቢ ወጥተው ነው። ያን ቀን ዝናቡ ከለከላቸውና መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ።

ጥቂት ቆይቶ መደርደሪያው ተናገረ።

«ሃሎ፣ ደሴ!»

መሪጌታ ካባቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ሰላሁዲን ግን ዕቃውን የሸጠ ነውና ወዲያው ገባው። ሞባይሉ ከስፒከሩ ጋር እንደተገናኘ ሳሎኑን ትቶ ሄዷል፤ የአቶ ይሄነው ድምፅ የሚወጣው እዚህ፣ እሳቸውም የሚሰሙት የእኛን ነው። ይህንን በጆሯችን ሹክ አለንና ለአቶ ደሴ እንንገራቸው ወይስ ቁልፉን ትጫነዋለህ ብለን ስንጠይቀው አሰበ። ባለቤቱ ማንም እንዳይነካው አዘዋል፣ እኔ አልነካም አለ።

መሪጌታ ለመደርደሪያው እጅ ነሡ።

«እንዴት አደሩ አቶ ይሄነው? መሪጌታ ሀብቱ ነኝ።»

«እግዚሃር ይመስገን መሪጌታ፣ እርስዎ እንዴት አደሩ? ደሴ የት ሄደ?»

«እርስዎን ሊያማክር ገብቷል። ሶስናን ለመምህር ፀጋው ልንጠይቅ መጥተን ነው።»

«የኛ ሰፈሩ ፀጋው? ልጆቼን የሚያስተምረው?»

«እሱው ነው።»

 አቶ ይሄነው ይህን ያህል ጊዜ ልጅ ሲጠየቅ ለምን እንዳልተነገራቸው ጠየቁ። ሁለት ጊዜ ይጠና ተብለን ተመልሰናል፣ ዛሬ ደግሞ እርስዎን ሳያማክር አይሆንም ተባልን ስንላቸው፣ ከመስቀል ወዲህ ደውሎላቸው እንደማያውቅ ነገሩን። ከዚያ ፈቀዱ። ሠርጉ ጥር ውስጥ፣ ከአስተርዮ ማርያም ቀጥሎ ባለው እሑድ ይሁን አሉ፤ ከዳንግላ በፈረስ አጅበው እንደሚመጡም ቃል ሰጡ። ወይዘሮ ደጊቱ ከጓዳ ወጥተው እልልታቸውን በነጠላቸው አፍነው ቆመዋል። ከኋላቸው ሶስና ታለቅሳለች። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለምን ይደበቃል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አቶ ደሴ፣ ወይዘሮ ደጊቱ በበሩ ስንጥቅ አይተው በኋላ እንዳጫወቱን፣ ሞባይሉን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሃሎ ሃሎ ይሉ ነበር። መስኮቱ ጋ ሄዱ፤ አልጋው ላይ ወጡ፤ ቁም ሣጥኑን ተደግፈው ተንጠራሩ። የሚሰሙት ዝናቡን ብቻ ነው። መነጽር ስለሌላቸው መስመሩ መያዙን አላዩም። መጨረሻ ላይ አልሠራም ብለው ሞባይሉን ሳይዘጉ ኪሳቸው ከተቱት። ያለ ምክር መውጣት ደግሞ ከክብራቸው ጋር አይሄድም።

በሩን ከፍተው ወጡና ኮታቸውን ቆለፉ።

«ከታላቅ ወንድሜ ጋር በሰፊው ተወያይተናል» አሉ። «አያ ይሄነው ጉዳዩን በጥልቀት ከፈተሹ በኋላ፣ ልጅቱ ገና በመሆኗ፣ ወደሚቀጥለው በጀት ዓመት ተሸጋግሮ እንዲታይ አቅጣጫ አስቀምጠዋል።»

 ሁላችንም ወደ መደርደሪያው አየን።

«ደሴ፣» አለ መደርደሪያው፣ «እኔ መቼ ነው እንዲህ ያልሁት?»

አቶ ደሴ ሞባይላቸውን ከኪሳቸው መንጭቀው አንዱን ተጫኑ። ድምፁ ጨመረ።

«ጥር ነው ያልሁት። በል ሽማግሎቹን አስቀምጥና የሚቀምሱት ነገር ስጣቸው፤ ቆመው አረጁ።»

የሥራ ሂደት ባለቤቱ ሞባይላቸውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። ሶስና እንባዋን እየጠረገች አባቷን ፊት ለፊት ትመለከታለች።  ከዚያ እጃቸውን አጣምረው፣ ለስፒከሩ ዝቅ ብለው፣

«አያ፣ እኔም እኮ ጥር ነው ያልሁት» አሉ። «ኔትወርኩ ነው የቆራረጠው።»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ አቶ ደሴ ጥር ሲሉ በጆሯችን ሰምተናል ብለው ለመደርደሪያው መሰከሩ። ሰላሁዲንም በዝናብ ጊዜ እንዲህ ያለ መቆራረጥ ያጋጥማል አለ። እኔ ደግሞ ሰኞ ቢሮ መግባቴ ስለማይቀር፣ የጥርን ሐሳብ መጀመሪያውኑ ያመነጩት እሳቸው መሆናቸውን ጨመርሁበት።