ጦርነት ለመግዛት የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ሽማግሌ መላክን ያስተማረን ሰው፣ የላኩትን ሽማግሌ እንዴት መልሶ መጥራት እንደሚቻል ሳይነግረን ነው የሞተው። መላኩን ብቻ አሳይቶን ሄደ። ይኼን የምለው ለወሬ ማሟሟቂያ እንዳይመስላችሁ፤ ደርሶብኝ ነው።

ጊዜው ሁለተኛው የካምፓላ የኮሮና ሎክዳውን ላላ ብሎ፣ የሰዓት እላፊው ግን ገና ያልተነሳበት ሰሞን ነበር። እኔ ሙቱንጎ ካለው ቤቴ ሆኜ ነው የምሠራው፤ ማለትም ከላይ ሸሚዝ ከታች ፒጃማ ለብሼ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ስለ ዕቃ አቅርቦት ሪፖርት እጽፋለሁ። አንድ ቀን ሪፖርቱ አልጻፍ ቢለኝ ኢንተርኔት ላይ ስዞር አንድ የጦርነት ጨዋታ አየሁ። ልጆች እየጮኹ የሚተኳኮሱበት ዓይነት እንዳይመስላችሁ... ታሪካዊ ነው! ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረ የአውሮፓ ጦርነት ሲሆን የሚጫወቱት ተራ በተራ ነው። እናንተ ጦራችሁን ታንቀሳቅሳላችሁ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ በተራው አንቀሳቅሶ ጉድ ያደርጋችኋል። ለወታደሩ ዳቦ፣ ለፈረሱ ድርቆሽ፣ ለመድፉ ባሩድ በጋሪ ትልካላችሁ፤ ዝናብ ከመጣ ጋሪው ጭቃ ውስጥ ይቀራል። መመሪያው ብቻ ሦስት መቶ ገጽ ነው። ባጭሩ፣ ቢሮ ውስጥ እየተከፈለኝ የምማረርበትን ሥራ ከፍዬ የምሠራበት ጨዋታ ነው። ወዲያው ወደድኩት። ዋጋው ደግሞ እስከ እሁድ ድረስ በግማሽ ቀንሷል።

ችግሩ ቃል መግባቴ ነው። በመጀመሪያው ሎክዳውን ይኼን የመሰለ ሌላ ጨዋታ ነበረኝ። አገሩ ሁሉ ቤቱ ተዘግቶ ሲቀመጥ እኔ ሦስት ወር ሙሉ ድንበር ስሻገር ከረምኩ። ከዕለታት አንድ ቀን ባለቤቴ ሰብለ፣ "ከእንግዲህ እዚህ ቤት ጦርነት አይገባም" አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም ብልህ ነኝና አልጠየቅኩም። ጨዋታውን አጠፋሁ፣ ቃል ገባሁ፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ደብቄ እንዳልገዛ የባንኩ መልእክት የሚገባው በእሷ ስልክ ነው። ራሴ እንዳልጠይቃት፣ ራስን ችሎ መጠየቅ ወኔ ይፈልጋል፤ የእኔ ወኔ ያለው ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የተከበረ ባህል ያለው ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ናኪቩቦ የመኪና መለዋወጫ ለሚሸጡት ለጋሽ በላይነህ ደወልኩ። ካምፓላ ያለ ሐበሻ ከሚስቱ ሲጣላ ከሁሉ በፊት የሚደውለው ለእሳቸው ነው።

"ተጣላችሁ እንዴ?" አሉኝ።

"አይ ጋሼ፣ አንድ ነገር እንድትፈቅድልኝ ነው።"

"ምን?"

"ጦርነት።"

ጨዋታ መሆኑን ሳስረዳቸው እንኳ ድምፃቸው አልተለወጠም። "ጦርነት ከሆነ ሁለት ሰው አይበቃም፣ ሦስት እንሆናለን" ብለው ስልኩን ዘጉ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጡ። ጋሽ በላይነህ ቦዳ በሚባለው የኪራይ ሞተር ላይ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከኋላቸው በሌላ ቦዳ ምግብ ቤት ያላቸው አቶ ተካ። ሦስተኛ ሰው ስለጠፋ አከራያችንን ምዜን ከግቢው ይዘዋቸው ገቡ። ምዜ ኡጋንዳዊ ናቸው፤ ሽማግሌ የሚላከው ሙሽሪት ለመጠየቅ መሆኑን በእነሱም አገር ስለሚያውቁ ካንዙ የሚሉትን ነጭ ረጅም ቀሚሳቸውን ከኮት ጋር ለብሰው ነበር። ሳሎን እንደገቡ አቶ ተካን በእንግሊዝኛ የጠየቁት ልጅቷ የት እንዳለች ነው። አቶ ተካም ልጅቷ ኢንተርኔት ላይ እንዳለች ነገሯቸው። ምዜ ጊዜው ተበላሽቷል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ እንደ ወጉ መኝታ ቤት ተደብቄ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌያለሁ። ሽማግሌዎቹ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ ሰብለ ተቀመጡ ብላ ለመነች፤ ተቀመጡ። ጋሽ በላይነህ ስለ ትዳር፣ ስለ መቻቻልና ስለ ስደት ረዘም ያለ ንግግር ካደረጉ በኋላ፣ ልጃችን አንድ የአውሮፓ ጦርነት ከጅሏልና እሺ በይን አሉ።

"ጋሼ፣ ስለ እኔ ብላችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ" አለች ሰብለ፣ ማር በሆነ ድምፅ። "ግን እንደምታውቁት በመጀመሪያ ቀን መልስ አይሰጥም። ከዘመድ ልምከርበት። የዛሬ ሳምንት ተመለሱ።"

የዛሬ ሳምንት! ቅናሹ እኮ የሚያልቀው እሁድ ነው... በሩን እየነከስኩ ነበር ብል እመኑኝ። ሽማግሌዎቹ ግን በጣም ተደሰቱ። እንዲህ ወግ የምታውቅ ልጅ ዘንድሮ ከየት ይገኛል ተባባሉ። ጋሽ በላይነህ ሊነሱ ሲሉ፣ ለመሆኑ ቅሬታሽ ምን ነበር ብለው ጠየቋት።

"ባለፈው ጊዜ ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ ነበር" አለች። ማሩ ከድምፅዋ ውስጥ ወጥቷል። "ውሃ ስጠኝ ብለው 'አንድ ተራ ብቻ ቀረኝ' አለኝ። ጠበቅኩት። ከዚያ ግድግዳ ይዤ ሄጄ ራሴ ቀዳሁ። በአጠገቡ ሳልፍ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።"

እኔ ጆሮዬን ከበሩ ላይ አነሳሁ። ነገሩን ላስታውሰው ብሞክር አልመጣልህ አለኝ። ትዝ የሚለኝ በዚያ ሰሞን አንድ ድልድይ መያዜ ነው። አፈርኩ። ቀልዴን አይደለም፣ ፊቴ እስኪግል ድረስ አፈርኩ።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር፣ ይቅርታውም የሚጠየቀው ሽማግሌዎቹ ባሉበት ነው ብላ አቋረጠችኝ። እሁድ ቅናሹ አለቀ፤ ምንም ቅር አላለኝም። ሰኞ ጠዋት ወደ ጋሽ በላይነህ ደውዬ ነገሩን እንደተውኩት ነገርኳቸው።

"አንተ ማን ነህና ነው የምትተወው?" አሉኝ። "ነገሩ በሽማግሌ እጅ ነው ያለው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳስታርቅ አንድም ቀን ባዶ እጄን ተመልሼ አላውቅም።"

በቀጠሮው ቀን ሦስቱም መጡ። ምዜ በዚህኛው ዙር አንድ ቀይ አውራ ዶሮ በብብታቸው ይዘዋል፤ ባለፈው የተቀጠርነው ባዶ እጃችንን ስለሄድን ነው ብለው ነገሩን መርምረው ደርሰውበታል። ሰብለ ዶሮውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ከዚያ ለእናንተ ክብር ስል ፈቅጃለሁ፣ ግን ሲጫወት አጠገቡ የሚቀመጥ ዋስ እፈልጋለሁ አለች። ጋሽ በላይነህ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ "ዋሱ እኔ ነኝ" አሉ። እኔ ከተደበቅኩበት ወጥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ ይቅርታዬን በሦስት ምስክር ፊት ጠየቅኩ፣ ቦዳዎቹ ሥራ የሚያቆሙበት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይደርስ ሽማግሌዎቹን ሸኘሁ። ከዚያ ተመልሼ፣ የማልፈልገውን ጨዋታ በሙሉ ዋጋው ገዛሁ። ምን ላድርግ? ሽማግሌ ይፈር?

ጋሽ በላይነህ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። በመጀመሪያው ቅዳሜ አጠገቤ ተቀምጠው ዝም ብለው አዩ። በሁለተኛው፣ ዳቦው ሳይደርስ ሰው የምትልከው ምን ነክቶህ ነው ብለው ተቆጡኝ። ዕድሜ ልካቸውን መለዋወጫ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸውና ልክ ነበሩ። በሦስተኛው ማውዙን ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማውዙን አይቼው አላውቅም። የናኪቩቦው ሱቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ተዘግቶ ይውላል፤ እኔ በገዛ ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ሪፖርቴን እጽፋለሁ። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ምሳ ቀዝቅዟል ብለው ሲደውሉ፣ ጋሼ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳያነሱ አንድ ተራ ብቻ ቀረኝ ይላሉ። እኔ እንደዚያ እል እንደነበር ያኔ በጆሮዬ ሰማሁት።

ያለፈው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አቶ ተካ ቆመዋል፤ ምዜ በካንዙ ቆመዋል፣ ሌላ ዶሮ ይዘዋል። ከሁለቱ ፊት ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ የገዛ ሚስቴ ቆማለች። በጓሮ በር የወጣችው መቼ እንደሆነ አላውቅም።

"ከእትዬ አልማዝ ተልከን ነው" አለችኝ። "ባላቸውን እንድትመልስላቸው።"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ሰጪ ሆኜ የቆምኩት ያን ቀን ነው። ደረቴን ነፋሁና፣ እንደምታውቁት በመጀመሪያ ቀን መልስ አይሰጥም፣ ከዘመድ ልምከርበት፣ የዛሬ ሳምንት ብትመለሱ... እያልኩ ጀመርኩ።

ሰብለ አስጨረሰችኝ። ከዚያ፣ "እሺ፣ እንመለሳለን። እስከዚያው በፀሐይ ነው የመጣሁትና ውሃ ስጠኝ" አለች።

ተራው የጋሽ በላይነህ ስለነበር፣ ወዲያው ሮጬ ቀዳሁላት።